ልገሳው በጥር፣ ረሃቡ በነሐሴ፦ የገጠር ምግብ ባንክ ገንዘብ ከየት ይምጣ?

የምዕራብ ሸዋ ገበሬ ጎተራ የሚሞላው ከኅዳር እስከ ጥር ነው። የአምቦ፣ የጉደር፣ የግንጪና የጌዶ ደሃ የሚቸገረው ደግሞ ክረምቱ ከገባ እስከ መስከረም ድረስ ነው። በሁለቱ መካከል ስድስት ሰባት ወር አለ። ማኅበረሰብ አቀፍ የምግብ ባንክ አቋቁማለሁ ብሎ የተነሳ ሁሉ የሚፈተነው በእነዚህ ወራት ነው።

በአገራችን እህል ማሰባሰብ ያን ያህል አይከብድም። በአውድማ ወቅት ቤተ ክርስቲያንም፣ መስጊድም፣ እድርም፣ ቀበሌም ቢጠይቅ ባዶ እጁን የሚመለስ የለም። የሚከብደው የተሰጠውን እህል ሳይነቅዝ፣ ሳይሰረቅና ሳይባክን እስከ ነሐሴ ማድረስ ነው። ለዚያ መጋዘን፣ ጥበቃ፣ ከረጢት፣ ጫኝና አውራጅ፣ ናፍጣና የሒሳብ ሠራተኛ ያስፈልጋል። እነዚህ ሁሉ የሚከፈሉት በጥሬ ገንዘብ ነው። ለጋሽ ደግሞ ለተራበ ሰው እህል መስጠት እንጂ ለመጋዘን ዘበኛ ደመወዝ መክፈል አይወድም። የገጠር ምግብ ባንክ የገንዘብ ችግር በአጭሩ ይህ ነው።

ትርፍ አምራች የሚባል ዞን ደሃ

ምዕራብ ሸዋ በአገሪቱ የችግር ካርታ ላይ ጎልቶ የሚታይ ዞን አይደለም። በግንጪ ዙሪያ ያለው ጥቁር አፈር ጤፍ ያበቅላል፤ የጀልዱ ደጋ በድንች ይታወቃል፤ ወደ ምዕራብ ወርደው ባኮ ሲደርሱ በቆሎ ነው። ባኮም አምቦም የግብርና ምርምር ማዕከል አላቸው። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የዞኑ ነዋሪ ከ2 ሚሊዮን በላይ ነበር፤ አብዛኛውም በእርሻ የሚተዳደር ነው።

ይህ መልካም ስም ዋጋ ያስከፍላል። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የገጠር ሴፍቲኔት ፕሮግራም የተቀረጸው በዋናነት ሥር የሰደደ የምግብ እጥረት ላለባቸው ወረዳዎች ነው። ትርፍ አምራች ተብሎ የተመዘገበ አካባቢ በአማካይ ሲታይ እህል ሞልቶታል። ሆኖም አማካይ ቁጥር ማንንም አያበላም። በአምቦ ከተማ እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ እናት፣ በቀን ሥራ የሚያድር ወጣት፣ ጧሪ የሌለው አዛውንት፣ በምዕራብ ኦሮሚያ ባለው የጸጥታ ችግር ከቀዬው ተፈናቅሎ በዘመድ ቤት የተጠለለ ቤተሰብ፣ አንዳቸውም ጤፍ አያመርቱም። ሁሉም እህል የሚገዙት ከገበያ ነው።

ገበያው ደግሞ የአዲስ አበባ ገበያ ነው። አምቦ ከዋና ከተማዋ 115 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ ግንጪ ከዚያም ትቀርባለች። ጠዋት ግንጪ ላይ የተጫነ ጤፍ በዚያው ቀን መርካቶ እህል በረንዳ ይራገፋል። ስለዚህ የግንጪ ነጋዴ ዋጋ የሚቆርጠው ከእህል በረንዳው ዋጋ ላይ የማጓጓዣውን ቀንሶ ነው። ለገበሬው ይህ ጥሩ ነው። ጤፍ በበቀለበት አገር ለሚኖር ደመወዝተኛና የቀን ሠራተኛ ግን ከአዲስ አበባ ሸማች ጋር እኩል መሻማት ማለት ነው። በግንቦት 2014 የምግብ ዋጋ ግሽበት ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወር ጋር ሲነጻጸር 43.9 በመቶ ደርሶ ነበር። በ2015 አጋማሽ ደግሞ በአዲስ አበባ የአንድ ኩንታል ጤፍ ዋጋ ከ10 ሺህ ብር አለፈ። ያ ንረት አምቦ ላይ ሲደርስ የቀነሰው የመንገዱ ኪራይ ብቻ ነው።

የክረምቱ ሒሳብ

አንድ አነስተኛ የምግብ ባንክ ምን ያህል እህል ይፈልጋል? ክብ ቁጥር ወስደን እናስላ። በአገራችን የአስቸኳይ ጊዜ እርዳታ መደበኛ ራሽን ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል፣ ከዚያ ላይ ጥቂት ጥራጥሬና ዘይት ነው። አንድ መቶ ቤተሰብ፣ በቤተሰብ አምስት ሰው ቢሆን፣ 500 ሰው ማለት ነው። ለሦስቱ የክረምት ወራት ብቻ 22,500 ኪሎ ወይም 225 ኩንታል እህል ያስፈልጋል። በአይሱዙ ቢጫን አራት አምስት ጉዞ ነው።

ይህን እህል ማግኘት ይቻላል ወይ? ይቻላል። 4,500 ገበሬዎች እያንዳንዳቸው አምስት አምስት ኪሎ ቢሰጡ 225 ኩንታሉ ይሞላል። ጥር ላይ አምስት ኪሎ በቆሎ ከጎተራው ማውጣት የሚከብደው ገበሬ ብዙ አይደለም። በዚያ ወቅት ገበሬው ራሱ ግብርም የማዳበሪያ ዕዳም ለመክፈል፣ ልጅ ለመዳር እህሉን በርካሽ ይሸጣል። ሰኔ ላይ ግን ይኸው ገበሬ ራሱ ከገበያ ሸማች የሚሆንበት ዓመት አለ። ስለዚህ ልገሳ መጠየቅ የሚገባው ጥር ላይ ነው።

ነገር ግን በተግባር የምናየው የልገሳ ዘመቻ አብዛኛውን ጊዜ ይህን አቆጣጠር አይከተልም። የሚጧጧፈው በበዓላት ዋዜማ፣ በእንቁጣጣሽ፣ በገና፣ በፋሲካና በረመዳን ነው። ማዕድ ማጋራት ይባልና ዘይት፣ ዱቄትና ዶሮ ይታደላል፤ ፎቶ ይነሳል፤ በዓሉ ሲያልፍ ዘመቻውም አብሮ ያልፋል። በዓልን አብሮ መዋል ደግ ባህል ነው፤ ሐምሌና ነሐሴን ግን አያሻግርም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ በዘመቻ የተሰበሰበ በዘመቻ ያልቃል።

ብር ይቀመጥ ወይስ እህል?

አንዳንዱ ለጋሽ እህል ከመስጠት ገንዘብ መስጠት ይቀለዋል። ነጋዴው፣ የመንግሥት ሠራተኛው፣ ውጭ አገር ያለው የአምቦ ልጅ የሚልከው ብር ነው። የምግብ ባንኩ ኮሚቴ ያንን ብር ባንክ አስቀምጦ ነሐሴ ላይ እህል ይግዛበት ወይስ ዛሬውኑ ገዝቶ ያከማች?

መልሱ በግሽበቱና በመጋዘኑ ጥራት ላይ የተመሠረተ ነው። በ7 በመቶ ወለድ የተቀመጠ 100 ሺህ ብር በዓመቱ 107 ሺህ ይሆናል። የምግብ ዋጋ በዚያው ዓመት እንደ ግንቦት 2014ቱ በ43.9 በመቶ ከጨመረ ግን፣ ያ 107 ሺህ ብር የሚገዛው እህል ከዓመት በፊት በ74 ሺህ ብር ይገዛ የነበረውን ያህል ነው። ከአራት ኩንታል አንዱ ባንክ ውስጥ እያለ ጠፋ ማለት ነው። በእንዲህ ያለ ዘመን እህሉ በነቀዝ አሥር በመቶ ቢጎዳ እንኳ ከብሩ ይሻላል።

ግሽበቱ ሲረግብ ሒሳቡ ይገለበጣል። የምግብ ዋጋ በዓመት በ12 በመቶ ብቻ ከጨመረ፣ በባንክ የተቀመጠው ብር የመግዛት አቅሙ የሚቀንሰው ከአምስት በመቶ ባነሰ ነው። ያኔ አሥር በመቶ ነቀዝ የሚበላው መጋዘን ከባንኩ የባሰ ኪሳራ ያመጣል። አጠቃላይ የዋጋ ግሽበቱ በ2017 መጨረሻ ወደ 14 በመቶ አካባቢ ዝቅ ስላለ ጥያቄው እንደገና ተነስቷል። ይሁንና የዓመቱ አማካይ የማያሳየው አንድ ነገር አለ፤ እህል ከጥር እስከ ነሐሴ የሚወጣበት የወቅት ዳገት ከዓመታዊው ግሽበት በላይ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አስተዋይ ኮሚቴ የክረምቱን ፍላጎት የሚሸፍነውን ያህል በጥር ገዝቶ ያስቀምጣል፤ ለመጋዘኑ ማስተዳደሪያ የሚሆነውን በብር ይይዛል። ሁሉን በብር ወይም ሁሉን በእህል መያዝ ቁማር ነው።

ማንም የማይከፍለው ወጪ

ሐምሌ ላይ ወደ አንድ የእህል መጋዘን ገብተው በቆሎ የተሞላ ተራ ከረጢት ውስጥ እጅዎን ቢሰዱ እህሉ ጤናማ መሆን አለመሆኑን ወዲያው ያውቃሉ። ነቀዝ የገባበት በቆሎ ይሞቃል። እጅዎ ሲወጣ ነጭ ዱቄት ለብሶ ይወጣል፤ ፍሬው ተቦርቡሮ በጥፍር ሲጫኑት ይፈረፈራል። ከጎኑ ያለው የጤፍ ከረጢት ግን እንደገባ ነው። የጤፍ ፍሬ እጅግ ደቃቅ በመሆኗ ነቀዝ መጠለያ አያደርጋትም፤ በአግባቡ ከደረቀች ለዓመታት ትቆያለች። ችግሩ ጤፍ ውድ ነው፤ በአንድ ኩንታል ጤፍ ዋጋ ከአንድ ኩንታል በላይ በቆሎ ይገኛል። የቱ እህል ይከማች የሚለው ጥያቄ እንግዲህ የግብርና ብቻ ሳይሆን የፋይናንስ ውሳኔም ነው።

ለበቆሎው መፍትሔ አለ። ፒክስ የሚባለው ከረጢት ከውስጥ ሁለት የፕላስቲክ ሽፋን፣ ከውጭ አንድ የተሸመነ ጆንያ ያለው ነው። እህሉ ደርቆ ይገባበትና አፉ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል። ውስጥ የቀረው ነቀዝ ያለውን አየር ተንፍሶ ሲጨርስ በዚያው ይሞታል፤ መድኃኒት አያስፈልግም። ለ225 ኩንታል 225 ከረጢት መግዛት ግን ጥሬ ገንዘብ ይጠይቃል። የማይገዛው ኮሚቴ ምን ያህል ይከስራል? በምሳሌያችን አሥር በመቶ ቢበላሽ 22.5 ኩንታል ነው፤ ይህም የአሥር ቤተሰብ ሙሉ የክረምት ቀለብ ነው። ለጋሹ «ለከረጢት አልከፍልም፣ ለእህል ብቻ ነው የምሰጠው» ሲል ሳያውቀው አሥር ቤተሰብ ከመዝገብ እየሰረዘ ነው።

መጋዘንም ሌላ ራስ ምታት ነው። በገጠር ከተሞች ደህና መጋዘን ያላቸው ብዙውን ጊዜ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራትና ዩኒየኖች ናቸው። እነዚህ መጋዘኖች ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ባሉት ወራት በአፈር ማዳበሪያ ይሞላሉ። ማዳበሪያና የሚበላ እህል ደግሞ በአንድ ክፍል አይቀመጥም። ስለዚህ የምግብ ባንኩ እህል መጋዘን አጥብቆ በሚፈልግበት ወቅት መጋዘኑ ተይዟል፤ የቀረው አማራጭ በኪራይ የግለሰብ ቤት መፈለግ ነው።

ማጓጓዣውም ተወዷል። መንግሥት የነዳጅ ድጎማውን ደረጃ በደረጃ ማንሳት በጀመረበት በሐምሌ 2014 የአንድ ሊትር ናፍጣ ዋጋ በአዲስ አበባ 49 ብር አካባቢ ነበር። በጥር 2017 ወደ 99 ብር ተጠጋ። ከግንደ በረት ወይም ከጅባት ወረዳ እህል አሰባስቦ ወደ አምቦ ለማምጣት ያሰበ ሰው በዚህ ላይ የመንገዱን አለመመቸትና የጸጥታውን ስጋት ይደምርበታል፤ ባለመኪናው ለስጋቱም ዋጋ ያስከፍላል።

እነዚህን ወጪዎች ለመሸፈን ሕጉ ምን ይላል? የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ዓላማው ጥሩ ነው፤ ለተቸገረ የመጣ ገንዘብ በደመወዝና በቢሮ ኪራይ እንዳያልቅ ይከላከላል። ለምግብ ባንክ ግን መጋዘን፣ ማጓጓዣና ጥበቃ ራሳቸው ሥራው ናቸው። ሒሳብ ሲዘጋ የመጋዘን ዘበኛው ደመወዝ ከአስተዳደር ይመደባል ወይስ ከዓላማ ማስፈጸሚያ የሚለው ጥያቄ ለአንድ ትንሽ ማኅበር የሞትና የሽረት ነው። የምግብ ባንክ ሲመዘገብ ይህን ከመነሻው በዕቅዱ በግልጽ ማስፈርና ከተቆጣጣሪው ጋር መግባባት አለበት።

ከውጭ ይመጣ የነበረው

«የውጭ ድርጅት ይረዳናል» የሚለው ተስፋም እየሟሸሸ ነው። በሰኔ 2015 የአሜሪካው ተራድኦ ድርጅት ዩኤስኤአይዲ እርዳታ ለታለመለት ሰው እየደረሰ አይደለም ብሎ በመላ አገሪቱ የምግብ እርዳታውን አቆመ፤ የዓለም ምግብ ፕሮግራምም እንዲሁ አደረገ። እርዳታው እንደገና በአገር ደረጃ እስኪጀመር ወራት አለፉ። በጥር 2017 ደግሞ የአሜሪካ አዲስ አስተዳደር የውጭ እርዳታን አገደ፤ ዩኤስኤአይዲ ራሱ በሰኔ 2017 ተዘጋ። በሚያዝያ 2017 የዓለም ምግብ ፕሮግራም በገንዘብ እጥረት ምክንያት በኢትዮጵያ በምግብ እጥረት ለተጎዱ 650 ሺህ እናቶችና ሕፃናት ይሰጥ የነበረውን የአልሚ ምግብ ሕክምና ማቋረጡን አስታወቀ።

ይህ አምቦን በቀጥታ ላይነካት ይችላል፤ የውጭው እህል በብዛት ይሄድ የነበረው ወደ ሌሎች አካባቢዎች ነው። በተዘዋዋሪ ግን ይነካታል። የውጭው ገንዘብ ሲደርቅ የፌዴራልና የክልል መንግሥት ያላቸውን ጥቂት ብር ወደ ድርቅና ጦርነት ወዳለበት ያዞራሉ። ትርፍ አምራች የተባለ ዞን ወረፋው ከኋላ ይሆናል። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 22 ቀን 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በብር በጀት የሚሠሩ አገር በቀል ድርጅቶች የመኪና መለዋወጫና ጎማ መግዛት እየከበዳቸው ነው። ዶላር ለሚልከው ዘመድ ግን ያው ዶላር ብዙ ብር ይመነዘራል። በዚህ በኩል ሲታይ ከውጭ ድርጅት ይልቅ ዛሬ ተስፋ የሚጣልበት ውጭ ያለው የአገር ልጅ ነው።

ቡሳ ጎኖፋ እና የፈቃድ ጥያቄ

በኦሮሚያ የምግብ ባንክን ሐሳብ ከሁሉ የሚቀርበው ቡሳ ጎኖፋ ነው። በኦሮሞ ማኅበረሰብ ዘንድ ከብቱ ያለቀበትን፣ እህሉ የተቃጠለበትን ወይም ድንገተኛ ችግር የደረሰበትን ሰው ወገኑ አዋጥቶ የሚያቋቁምበት የቆየ ሥርዓት ነው። የክልሉ መንግሥት ይህን ባህል ወደ ተቋም ለውጦ በአባላት መዋጮ ላይ የተመሠረተ የአደጋ ምላሽ ሥራ አዋቅሮበታል። ሰዎች በብርም በእህልም ያዋጣሉ፤ በቦረና ድርቅ ወቅትና በትምህርት ቤት ምገባ ላይ ስሙ ተደጋግሞ ተሰምቷል።

ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። የእርዳታን ቁልፍ ከውጭ ለጋሽ እጅ አውጥቶ ለአገሬው ሰው ያስረክባል። ሁለት የኢኮኖሚ ጥያቄዎች ግን ይቀራሉ። አንደኛው የገንዘቡ አቅጣጫ ነው። ከምዕራብ ሸዋ የሚወጣው መዋጮ ወደ ማዕከል ተሰባስቦ ወደከፋው ቦታ ሊሄድ ይችላል። ሩቅ ያለ ወገንን መርዳት ተገቢ ነው። ነገር ግን በዞኑ ከተሞች ውስጥ ያለው ድህነት ድርቅ ስላልሆነ፣ አደጋም ስላልተባለ፣ ሰጪው ዞን ለራሱ ደሃ የሚያስቀረው ድርሻ ግልጽ መሆን አለበት።

ሁለተኛው የፈቃድ ጉዳይ ነው። መዋጮ በደመወዝ መክፈያ ሠንጠረዥ ላይ ሲገባ ወይም ከመንግሥት አገልግሎት ጋር ሲያያዝ ሰዎች እንደ ግብር ያዩታል። ግብርን ሰው ይከፍላል እንጂ አይወደውም፤ አቅሙ የፈቀደውን ያህልም አይጨምርበትም። በ2017 ዓ.ም. ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የቀረበው የአደጋ ስጋት ምላሽ ፈንድ ረቂቅም ከሠራተኞች ደመወዝ የሚሰበሰብ መዋጮን ያካተተ ስለነበር ብዙ አነጋግሯል። ከአንድ ደመወዝ ላይ ስንት መዋጮ ይወጣል? እያንዳንዱ አዲስ የግዴታ መዋጮ ሰው በፈቃዱ ለጎረቤቱ ሊሰጥ ካሰበው ላይ ይቀንሳል።

ሌሎች ምን ተማሩ?

የምግብ ባንክ የሚባለው አሠራር እ.ኤ.አ. በ1967 በአሜሪካ አሪዞና ግዛት በፊኒክስ ከተማ ሲጀመር መሠረቱ የሱፐርማርኬትና የፋብሪካ ትራፊ ነበር። ሊጣል የነበረውን ምግብ ሰብስቦ ለተቸገረ ማደል ነበር ሥራው። በአምቦና በጉደር የሚጣል ምግብ የሞላበት ሱፐርማርኬት የለም። ስለዚህ የእኛ ምግብ ባንክ መሠረቱ የአውድማ እህል ነው፤ ወጪውም ከዚያኛው የተለየ ነው።

ኮሮና በገባበት በ2012 ዓ.ም. የአዲስ አበባ አስተዳደርም የምግብ ባንክ ብሎ እህል፣ ዘይትና ሳሙና ሲያሰባስብ አይተናል። ከተማዋ ከዚያም በኋላ የምገባ ማዕከላትን በባለሀብቶች ድጋፍ ከፍታለች። አዲስ አበባ ባንኮች፣ ኩባንያዎችና ባለሀብቶች የሞሉባት ከተማ ናት። የገጠር ከተማ ይህን ልድገም ቢል የሚጠይቀው ባለሀብት ቁጥር በጣት ይቆጠራል፤ ሁሉም ኮሚቴ የሚሄደው ወደ እነዚያው በሮች ነው።

በሳህል አገሮች ከድርቅ ዘመን በኋላ በየመንደሩ የተቋቋሙ የእህል ባንኮች ሌላ ትምህርት ሰጥተዋል። ብዙዎቹ የወደቁት በጎ አድራጎትንና ብድርን በመቀላቀላቸው ነው። ለችግረኛ በብድር የተሰጠ እህል ሳይመለስ ቀረ፤ ከገበያ በታች የተሸጠውም በቀጣዩ ዓመት መልሶ መግዣ አሳጣ። አገራችንም ይህን በትልቁ ታውቀዋለች። በ1970ዎቹ የተቋቋመው የአስቸኳይ ጊዜ የምግብ ዋስትና መጠባበቂያ ክምችት ይሠራ የነበረው ለእርዳታ ድርጅቶች እህል አበድሮ የእነሱ መርከብ ሲደርስ በማስመለስ ነው። ብድሩ በሰዓቱ ሲመለስ ግሩም አሠራር ነበር፤ ሲዘገይ ግን ክምችቱ የተመናመነባቸው ጊዜያት ነበሩ። ለአንድ የወረዳ ምግብ ባንክ የሚያዋጣው የሚሰጠውንና የሚያበድረውን በሁለት መዝገብ መለየት ነው።

ማን ምን ይስጥ?

የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ እንግዲህ ቀላል ነው፦ እያንዳንዱ ያለውን ይስጥ፣ ባለው ጊዜ ይስጥ።

ገበሬው ጥር ላይ እህል አለው፤ እህል ይስጥ። እድሮች በየወሩ የሚገባ ጥሬ ገንዘብ አላቸው፤ ደግሞም በአካባቢው ከማንም በላይ የሚታመኑ የሒሳብ መዝገብ ያዦች እነሱ ናቸው። የምግብ ባንኩን የወር ወጪ፣ ዘበኛውንና ኪራዩን፣ ተከፋፍለው ይቻሉ። ለአንድ እድር በወር ከአባል ላይ የሚጨመረው ጥቂት ብር ነው፤ ለምግብ ባንኩ ግን የማይቋረጥ ደም ሥር ይሆንለታል። ዩኒየኖችና መሠረታዊ ማኅበራት መጋዘን አላቸው፤ ማዳበሪያ የማይነካው አንድ ክፍል ለይተው ይስጡ።

ፋብሪካዎቹም አሉ። በሰንቀሌ የሚታሸገው የአምቦ ማዕድን ውኃ፣ በአዳ በርጋ ያሉት የሙገርና የዳንጎቴ ሲሚንቶ ፋብሪካዎች በዚሁ ዞን የሚሠሩ ናቸው። ከእነሱ የሚፈለገው በየዓመቱ በበዓል ዋዜማ የሚታደል ዱቄት አይደለም፤ አንድ ጊዜ የሚሠራ መጋዘንና በክረምት ለጥቂት ቀናት የሚለቀቅ የጭነት መኪና ነው። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ሕጉ ለሚያውቃቸው በጎ አድራጎት ድርጅቶች የተሰጠ ልገሳ ግብር ከሚከፈልበት ገቢ እስከ 10 በመቶ ድረስ እንዲቀነስ ይፈቅዳል። ምግብ ባንኩ በሕግ ካልተመዘገበ ግን ይህ ጥቅም የለም። ወጪው ሳይቀነስለት ግብር ለሚከፍለው ትንሽ ነጋዴ ደግሞ ማበረታቻው ከመጀመሪያውም ትርጉም የለውም፤ እሱን ለማበረታታት የወረዳ አስተዳደሩ ምስጋናና እውቅና ይበቃል።

አምቦ ዩኒቨርሲቲም ድርሻ አለው። የሒሳብ ተማሪዎቹ በየዓመቱ የምግብ ባንኩን መዝገብ ቢመረምሩ፣ የግብርና ተማሪዎቹ የመጋዘኑን እርጥበትና ነቀዝ ቢከታተሉ ለእነሱም የተግባር ትምህርት ነው። በ2015ቱ የእርዳታ መቋረጥ አንድ ነገር ተረጋግጧል፤ እምነት አንዴ ከጠፋ ገንዘቡም አብሮ ይጠፋል። ምን ያህል ገባ፣ ምን ያህል ወጣ፣ ምን ያህል ተበላሸ የሚለው በየወሩ በቀበሌ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፤ በእድር ስብሰባ ላይም ይነበብ። የተበላሸውን መደበቅ ከመበላሸቱ የባሰ ያስወቅሳል።

የክልሉ መንግሥት ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ቢያደርግ ይበቃል፦ ከዞኑ ከሚሰበሰበው የቡሳ ጎኖፋ መዋጮ የተወሰነ ድርሻ በዚያው በዞኑ ለሚገኙ ምግብ ባንኮች ማስተዳደሪያ እንዲቀር በግልጽ ይወስን። ድርሻው ትንሽ ቢሆንም ቋሚ ይሁን። ለዚህ ሥራ በየዓመቱ የሚጠበቅ አንድ ሺህ ብር በድንገት ከሚመጣ አሥር ሺህ ይሻላል።

ለምግብ ባንክ ለመስጠት ላሰበ አንባቢም አንድ ምክር አለ። በሚቀጥለው ጥር አንድ ኩንታል እህል ሲሰጡ፣ የዚያን ኩንታል የከረጢት፣ የማጓጓዣና የጥበቃ ወጪ በጥሬ ገንዘብ አብረው ይስጡ። ሁለቱን ማሟላት ካልቻሉ እህሉን ቀንሰው ወጪውን ይሙሉ። ሙሉ ወጪው የተከፈለለት ግማሽ ኩንታል ነሐሴ ላይ አንድ ሰው ከሦስት ወር በላይ ያበላል፤ ወጪው ያልተከፈለለት ኩንታል የነቀዝ ሲሳይ ነው።